የዕረፍቱ ሩብ ሰዓት የማን ነው?

ስለ እግር ኳስ ውድድር የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ አጭር ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ስለ እግር ኳስ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጎል አግቢዎች፥ ስለ ዋንጫና ስለ ዳኛ ስሕተት ይጽፋል። እኔ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ልጽፍ ያሰብሁት ኳሷ ቆማ ስለምትቆይበት ጊዜ፥ ይኸውም በመጀመሪያውና በሁለተኛው አጋማሽ መካከል ስላለው ዕረፍት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰው ሥራውን አቁሞ ሲያርፍ የሚያደርገው ነገር ጠባዩን ይገልጣልና፥ አንድ ሕዝብ በጨዋታ መካከል እንዴት እንደሚደሰት የመረመረ ሰው ስለዚያ ሕዝብና ስለ ዘመኑ ብዙ ነገር ሊረዳ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ይህን እንድመረምር ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው፤ እርሱንም ሳልደብቅ ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የአገራችንን ገና ማስታወስ ይገባል። አባቶቻችን እግር ኳስን ከማወቃቸው በፊት የገና ጨዋታን ያውቁ ነበር። በልደት በዓል ሰሞን በደባርቅና በዳባት በየሜዳው ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ የያዙ ጎረምሶች በሁለት ወገን ተከፍለው ሩሯን ሲለጉ ይውሉ ነበር፤ ዛሬም የሚጫወቱ አሉ። ለተጫዋቹ ቁጥር ልክ፥ ለሜዳውም ወሰን የለውም። ሰዓት ይዞ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ስለሌለ፥ የተወሰነ ዕረፍት የሚባል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ያለ ዘፈን የሚደረግ ገና የለም። አሸናፊው ወገን እየጨፈረ ተሸናፊውን በግጥም ይወርፋል፤ ተሸናፊውም አፉን ይዞ አይቀርም፥ መልሱን ይሰጣል። በዚያን ቀን አሽከር ጌታውን፥ ድኻም ባለጸጋውን በግጥም ቢነካው ቂም አይያዝም ነበር። ከዚህ የምንረዳው በጥንቱ ጨዋታችን ተጫዋችና ዘፋኝ፥ ዘፋኝና ተመልካች ያልተለያዩ መሆናቸውን ነው። ዱላውን የያዘው ሰው ራሱ ዘፋኝ ነበረ፤ የሚዘፈነውም ስለዚያው መንደር ሰዎች ነበረ።

ዛሬ የምንጫወተው እግር ኳስ ግን ሕጉ የተጻፈው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1863 እ.ኤ.አ. በሎንዶን በወጣው ሕግ መሠረት ሁለቱ ቡድኖች ሜዳ የሚለዋወጡት ጎል በገባ ቁጥር ነበር። ኋላ ግን ሕጉ ተሻሽሎ ጨዋታው ከሁለት እኩል ተከፈለና በመካከሉ ዕረፍት ተደረገ። የዕረፍቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተጫዋቹ ትንፋሹን ይሰበስብ፥ ውኃ ይጠጣ፥ ብርቱካን ይመጥጥ ዘንድ ነው። ዛሬም ሕጉ ዕረፍቱ ከ15 ደቂቃ እንዳይበልጥ ያዛል። እንግዲህ በመጀመሪያ ዕረፍቱ የተሰጠው ለተጫዋቹ መሆኑን ልብ እንበል።

ነገር ግን ተጫዋቹ ወደ መልበሻ ክፍሉ ሲገባ፥ በብርድ ላይ የቆመው ብዙ ሺሕ ሕዝብ ምን ያድርግ? በእንግሊዝ አገር ለዚህ ጥያቄ መልስ የሆነው የወታደር ማርሽ ባንድ ነው። ሙዚቀኞቹ በሰልፍ ሆነው ሜዳውን እየዞሩ ጥሩንባና ከበሮ ያሰሙ ነበር። በ1927 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ በፊት ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አንድ የምሽት መዝሙር ዘመረ፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ቆይቷል። የዚያን መዝሙር ዜማ እኔ በልጅነቴ በተማርሁበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ዘመርሁት፥ በኳስ ሜዳ መዘመሩን በሰማሁ ጊዜ እጅግ ተደነቅሁ። እዚህም ላይ እንደ ገና ጨዋታ ሁሉ ዘማሪው ተመልካቹ ራሱ ነው።

ወደ አገራችን የናስ ሙዚቃ የገባው ከእግር ኳስ ቀድሞ ነው። በ1888 ዓ.ም. ከሆነው ከአድዋ ድል በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የናስ መሣሪያዎች ከሩሲያ መጥተው ነበር። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆች አይተው፥ በናስ ሙዚቃቸው ተደስተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህም «አርባ ልጆች» የተባሉት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ የተሰማውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። ኢጣልያ ከወጣች በኋላም የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሙዚቀኞች እየበረቱ ሄዱ። እነ ጥላሁን ገሠሠ ዝናቸው በአገሩ ሁሉ የተሰማው ከክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ሆነው ነው። በዐደባባይ በዓል ሁሉ የነዚህ ሙዚቀኞች ሰልፍ ይታይ ነበር።

እግር ኳሱም በዚያው ዘመን አብሮ አደገ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ ከኢትዮጵያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ ከአርመኖች አራራት፥ ከግሪኮች ኦሊምፒያኮስ፥ ከኢጣልያኖች ፎርቲቱዶ፥ እንዲሁም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ያሸነፈውም የእንግሊዞቹ ቡድን ነበር። በአንዲት ከተማ ሜዳ ላይ አምስት ሕዝብ ከነቋንቋውና ከነዘፈኑ ተገናኘ ማለት ነው። አርመኖች ለአገራችን ጥሩንባ እንዳስተማሩ ሁሉ በኳሱም ሜዳ መገኘታቸው የሚያስደንቅ ነው።

የካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ዋንጫው በአዲስ አበባ ተደረገ። ኢትዮጵያ ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብፅ፥ ያን ጊዜ የተባበረችው የአረብ ሪፑብሊክ የምትባለው፥ በከተራ ዕለት ኡጋንዳን 2 ለ 1 ረታች። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው እሑድ ጥር 13 ቀን ነው፤ የቃና ዘገሊላ ማግስት መሆኑ ነው። በአገራችን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር በሆታና በእልልታ በሚያሳልፈው በጥምቀት ሰሞን ይህን የመሰለ ጨዋታ መደረጉ ያለ ምክንያት የሆነ አይመስለኝም፤ ጉሮሮው ለዘፈን የተከፈተ ሕዝብ ወደ ስታዲዮም ገብቷልና።

ዕረፍቱ ሲደርስ ኢትዮጵያ 1 ለ 0 ትመራ ነበር ቢባል ደስ ባለን፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ የምትመራው ግብፅ ነበረች። ስለዚህ ያ ዕረፍት ለሕዝቡ የጭንቀት ሩብ ሰዓት ነበር። ከዕረፍት በኋላ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ግብፅ ወዲያው ሁለተኛ አገባች፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ አቻ አደረገ። በተጨማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡ።

ስለዚያ ዘመን የዕረፍት ጊዜ ለማወቅ በከተማችን የሚኖሩ አንድ በጡረታ ያሉ መምህር ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። በ1954 ዓ.ም. እሳቸው ገና ልጅ ስለ ነበሩ የድሉን ወሬ የሰሙት በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ አሥመራ ከሚወርዱ የጭነት መኪና ሾፌሮች አፍ ነው። በኋላ ለትምህርት አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ግን በስታዲዮም ጨዋታ ሲያዩ፥ በዕረፍት ሰዓት የወታደር ሙዚቀኞች ነጭ ጓንት አጥልቀው ሜዳውን ሲዞሩ ተመልክተዋል። ከሁሉ ይልቅ የማይረሳቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፥ ዜማውን ሳይሆን የሕዝቡን ዝምታ ነገሩኝ። ሕዝቡ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ያዳምጥ ነበር እንጂ አብሮ አይዘፍንም ነበር። እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ዕረፍቱ በዚያ ዘመን የመንግሥት ክብር ማሳያ ሆኖ ነበር። ሙዚቃው ያማረ ነው፤ ሥርዓቱም ያኮራል፤ ነገር ግን ገናን ሲጫወት የሚዘፍነው ሕዝብ አሁን አድማጭ ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ፤ የዕረፍቱም ጨዋታ አብሮ ተለወጠ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲደረግ አገሪቱ በአብዮት ውስጥ ነበረች። በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመትም በሰሜን ኮርያ ሰዎች ርዳታ ብዙ ሺሕ ሰው የሚሰለፍበት ትርዒት ታየ። መምህሩ እንደ ነገሩኝ፥ በእኛም አውራጃ በኳስ ውድድር ዕረፍት ላይ የኪነት ጓዶች እስክስታ ይመቱና የአብዮት ዘፈን ይዘፍኑ ነበር። ስለ ኪነት ሁለት ነገር መናገር ይገባል። በአንድ በኩል የየአገሩ ጭፈራና ልብስ በሜዳ ላይ እንዲታይ አድርጓል፤ ብዙ ጎበዝ ዘፋኝም ወጥቶበታል። በሌላ በኩል ግን ግጥሙ ከላይ ታዝዞ የሚመጣ ስለ ነበረ፥ ዘፋኙ የልቡን ለመናገር አልቻለም። በገና ሜዳ ላይ አሽከር ጌታውን የሚነካበት ነጻነት በዚህ አልነበረም።

አሁን ወደ ሰፊው ዓለም እንመልከት። በአሜሪካ በእጅ ጭምር የሚጫወቱት ሌላ ዓይነት እግር ኳስ አለ፤ የእሱም ታላቅ ፍጻሜ ሱፐር ቦል ይባላል። በ1967 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሲደረግ በዕረፍቱ የተጫወቱት በዋናው የሁለት ኮሌጆች ማርሽ ባንዶች ነበሩ፤ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ማለት ነው። ከዓመት ወደ ዓመት ግን ነገሩ ወደ ቴሌቪዥን አዘነበለ። በ1992 እ.ኤ.አ. ሌላ የቴሌቪዥን ጣቢያ በዕረፍቱ ሰዓት የራሱን አስቂኝ ዝግጅት አቅርቦ ብዙ ተመልካች ስለ ወሰደ፥ በሚቀጥለው ዓመት አዘጋጆቹ ማይክል ጃክሰንን ጠሩ። ከዚያ ወዲህ በዓለም የታወቀ ዘፋኝ መጥራት ልማድ ሆነ። የተማሪው ባንድ ቦታውን ለባለዝናው ለቀቀ፤ ዕረፍቱም ማስታወቂያ የሚሸጥበት ገበያ ሆነ።

ይህ ልማድ ወደ እኛው እግር ኳስም መጥቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. በማያሚ በተደረገው የደቡብ አሜሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሻኪራ ስለ ዘፈነች፥ ሕጉ 15 ደቂቃ የሚለው ዕረፍት ወደ 25 ደቂቃ ያህል ተራዘመ። የኮሎምቢያ አሠልጣኝም ተጫዋቾች ብዙ ሲቀመጡ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል በማለት ቅር መሰኘታቸውን ገለጡ። ፊፋም በ2025 እ.ኤ.አ. ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የዕረፍት ትርዒት እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ። እንግዲህ በመጀመሪያ ለተጫዋቹ ድካም የተሰጠው ዕረፍት ለትርዒት ሲባል ተጫዋቹን እስከ ማስቸገር ደርሷል ማለት ነው።

በአገራችንም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ በቀጥታ መታየት ጀመሩ። በዚያው ዓመት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሆነ። ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ስለ ተደረጉ እኛ የሰሜን ሰዎች ብዙውን ያየነው በቴሌቪዥን ነው። በዕረፍቱም ሰዓት በመስኮቱ የሚታየው ማስታወቂያ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ጨዋታ በሚታይበት ቤት የተሰበሰበው ሰው ማስታወቂያው ሲጀመር ፊቱን ከመስኮቱ መልሶ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፥ ይቀልዳል፥ ተሸናፊውን ይወርፋል። የገናው መንፈስ አልሞተም ማለት ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በትምህርት ቤታችን የክፍል ለክፍል ውድድር ፍጻሜ ላይ በየዓመቱ አንድ ሽማግሌ መሲንቋቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ማንም አይጠራቸውም፤ ማንም አያስቀራቸውም። ዕረፍት ሲሆን በሜዳው ዳር እየሄዱ ስለ እያንዳንዱ ክፍል ግጥም ያወርዱ ነበር። ጎል የሳተውን ያነሣሉ፤ ያረፈደውን መምህር ያነሣሉ፤ እኛም እየሳቅን ሳንቲምና ቆሎ እንሰጣቸዋለን። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በረኛ ነበርሁ፤ አንዲት ቀላል ኳስ በእግሮቼ መካከል አለፈችብኝ። ሽማግሌው በግጥማቸው አነሡኝ፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ፤ በልቤ ግን ቂም ያዝሁ።

ዓምና የውድድሩ አዘጋጅ ኮሚቴ አባል ሆንሁ። በዕረፍቱ ሰዓት ሞንታርቦ ተከራይተን የተቀዳ ሙዚቃ እናሰማ ብዬ ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ጊዜው የሥልጣኔ ነው፥ መሲንቆ ለሰፊ ሜዳ አይበቃም አልሁ። ጓደኞቼም ተስማሙ። በፍጻሜው ቀን ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው መጥተው መሲንቋቸውን ሲቃኙ ሞንታርቦው ተከፈተ። ጥቂት ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ መሲንቋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ። እኔ አየኋቸው፤ አልጠራኋቸውም። የሚያሳዝነው ነገር በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ከተማሪው አንድም የሳቀ ሰው አለመኖሩ ነው። ሁሉም ስልኩን እያየ ሁለተኛውን አጋማሽ ይጠብቅ ነበር።

ዘንድሮ ይህን ታሪክ ስመረምር ቆይቼ ወደ ሊማሊሞ መውጫ ወዳለው ቤታቸው ሄድሁና፥ «አባባ፥ ዓምና የበደልሁዎት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ጥፋቱ ከቂም የመጣ መሆኑንም አልደበቅሁም። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ እኔስ አልተቀየምሁም፤ ዘመን ነው ብዬ ነው። ግን ልጠይቅህ፥ ያ ሳጥን ከእናንተ መካከል የአንዱን እንኳ ስም ያውቃል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከብዙ ገጽ ያነበብሁትን ነገር እሳቸው በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

ነገሩን ለኮሚቴው አቀረብሁ፤ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቹ ያለ ድምፅ ማጉያ በሩቅ የቆመው አይሰማም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ዕረፍቱ ከ15 ደቂቃ እንዳያልፍ፥ መሲንቆው በድምፅ ማጉያው እንዲሰማ፥ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም አዝማቹን እንዲቀበሉ ተስማማን። ማሽኑ ሽማግሌውን የሚያባርር መሆኑ ቀርቶ የሚያገለግል ሆነ። በዚህ በበዓሉ ዓመት ፍጻሜ ላይ ሽማግሌው መጡ፤ ከሁሉ አስቀድመው ያነሡትም እኔን ነው። ስለዚያች በእግሬ መካከል ስላለፈች ኳስና ስለ ሞንታርቦው አንድ ላይ አድርገው ገጠሙ። ትምህርት ቤቱ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ እኔ ከልቤ ሳቅሁ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? የዕረፍቱ ሩብ ሰዓት አንድ ጊዜ የመንደሩ፥ አንድ ጊዜ የመንግሥቱ፥ አንድ ጊዜ የነጋዴው ሆኗል። የናሱንም ባንድ፥ የኪነቱንም ጭፈራ፥ የታላላቆቹንም ዘፋኞች ጥበብ አልንቅም፤ ሁሉም የሰው ድካም ያለበት ነው። ነገር ግን ሜዳው የእኛ እስከ ሆነ ድረስ ዕረፍቱም የእኛ ሊሆን ይገባል። እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ እሄዳለሁ። ከእኔ በኋላ በኮሚቴው የምትቀመጡ ሁሉ፥ ገንዘብ ሲበዛና መሣሪያ ሲረቅ የሽማግሌውን ጥያቄ አትርሱ። በዕረፍቱ ሰዓት የሚሰማው ድምፅ ስማችሁን የሚያውቅ ይሁን፤ ስማችሁን ሲያነሣም እንደ እኔ ቂም አትያዙ።